የጥልፍ ማሽኔና የአምበሯ ሴት ስለት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ይመስለኛል፤ ዓመቱን ግን አትጠይቁኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ገበያው አጠገብ ካለችው ልብስ ስፌት ቤቴ ቁጭ ብዬ የቤተ ክርስቲያን ዣንጥላ እጠልፍ ነበር። እጠልፍ ነበር የምለው እንኳ በልማድ ነው፤ የሚጠልፈው ማሽኑ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሥዕሉን ይሰጠዋል፣ ማሽኑ ይወጋል፣ እኔ ክር እቀይራለሁ።

ዣንጥላው አምበር ከምትባለው ከተማ የመጣች የአንዲት ሴት ስለት ነበር። ልጇ ከሕመሙ ቢነሣላት ለደብሯ ልታገባ ተስላ፣ ልጁ ዳነላት። "አደራ አባቴ፣ ለንግሡ ባዶ እጄን እንዳልቆም" ብላኝ ነው የሄደችው።

ከስምንቱ መስቀሎች ሦስቱ እንዳለቁ፣ ንግሡ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ካላገኘሁ አልሠራም አለ። የስልኬን ከፈትኩለት፤ ሠራ። እንግዲህ ክፍት ይሁንለት ብዬ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ልመጣ ሄድኩ። ስመለስ የወሩ የኢንተርኔት ጥቅሌ አልቆ፣ ፕሮግራሙም ተዘግቶ አገኘሁት። ሌላ ጥቅል ሞላሁ፤ እሱም እስከ ማታ አልደረሰልኝም።

ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረቤት አለኝ፤ መጥቶ አየልኝ።

"አባባ፣ ይሄ ፕሮግራም የተሰረቀ ቅጂ አለመሆኑን በየጊዜው ባለቤቶቹን ይጠይቃል። ኔትወርካችን ደካማ ነው፣ መልሱ አይደርሰውም። ሳይደርሰው ሲቀር ደግሞ ይጠይቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል። ጥቅልዎን የጨረሰው ይሄ ነው።"

"ገዝቼዋለሁ እኮ! ደረሰኙ ያውና ግድግዳው ላይ።"

"እሱ ግድግዳ አያይማ፣ አባባ።"

ሳቅን። ጥያቄውን ዝም ማሰኘት አይቻልም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ከከለከልኩት ጭራሽ አይከፈትም አለኝ። ሻጮቹ ጋ ደወልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት እናየዋለን አሉ።

ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። ስልኬን ይዤ ደጃፍ ላይ እቆማለሁ፤ ኔትወርኩ ብቅ ሲል እገባለሁ፤ ማሽኑ አንድ የመስቀል ክንድ ወግቶ ይቆማል። በሁለት ቀን አንድ መስቀል! በዚህ ዕድሜዬ፣ ሌባ አለመሆኔን ለማላውቀው ሰው በየሩብ ሰዓቱ ማስረዳት ደከመኝ። መናደድም ጉልበት ይፈልጋል፤ እሱም አልነበረኝም።

ድሮ የእጅ ጥልፉን የምትሠራልኝ ታላቅ እህቴ ነበረች። ማሽኑ ሲመጣ "እንግዲህ አረፍ በይ" አልኳት፤ እሷ ግን አትፈለጊም እንዳልኳት አድርጋ ሰማችው። ከዚያ ወዲህ ስፌት ቤቴን ረግጣ አታውቅም። አማራጭ አጣሁና ቤቷ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

"እትዬ፣ ማሽኑ እምቢ አለኝ።"

"እኔም እምቢ እንዳልልህ ፈርተህ ነው ውጭ የቆምከው? ግባ አንተ ልጅ!"

ሰባ ያለፈኝን ሰው አንተ ልጅ የምትለኝ እሷ ብቻ ነች። የሴትዮዋን ስለት ነገርኳት። ማሽኑን የረገምኩትን ስጨምርበት አልሰማችኝም፤ መነጽሯን ከሳጥን አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

"ወርቃማው ክር ይበቃል?" አለች።

ሁለት ቀን ስፌት ቤቴ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠለፍን፤ እሷ የቀሩትን አራት መስቀሎች፣ እኔ ጠርዙን። የማሽኑ ቀጥ ያለ፣ የእሷ ወፈር ያለ ሆነ።

"ይታወቃል እኮ እትዬ።"

"ይታወቃ! ማንን ፈርቼ?"

በዋዜማው የአምበሯ ሴት መጣች። ዣንጥላውን ዘርግታ አየችው፤ በመዳፏ የዳሰሰችው ወፈር ያሉትን መስቀሎች ነበር። "ይሄን የመሰለ ማሽን ነው ያለዎት?" አለችኝ።

"ማሽኑ አይደለም" አልኳት። "ይቺ፣ ታላቅ እህቴ ናት።"