ሦስት አውሮፕላን የቆሙበት ሳንቃ

ትናንት እዚህ ገደራ ከተማ፣ የምኖርበትን ሕንፃ የደረጃ መደገፊያ ቫርኒሽ ሲቀቡት ዋሉ። በሬን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ፤ ጣፈጥ ያለ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እንደገና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ ቂርያት ማላኪ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጠባቧ በረንዳችን።

ያን ጊዜ የአውሮፕላን ሞዴል እሠራ ነበር። ጥቃቅኖቹን የፕላስቲክ ቁርጥራጮች በወረንጦ እያነሣሁ አጣብቃለሁ፣ በቀጭን ብሩሽ እቀባለሁ። ሦስት ጨርሼ፣ ያቭነ ከተማ ማትናስ፣ የሕዝብ ማዕከሉ ውስጥ፣ ለሚደረገው የወጣቶች ኤግዚቢሽን ተመዝግቤ ነበር። የቀረኝ የሚቆሙበት የእንጨት መቆሚያ ብቻ ነበር።

እንጨት የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ ነበር። አባቴ ገደራ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነበር የሚገባው። ግን እኔና እሱ አንነጋገርም ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ የዚህን አገር ቋንቋ ስለማያውቅ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ። መምህሯ «ልጅህ ከሒሳብ ክፍል እየጠፋች ነው» ስትል፣ እኔ «ጎበዝ ናት አለች» ብዬ ነገርኩት። አባቴ ተነሥቶ የመምህሯን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። ከወር በኋላ ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ጎረቤት አነበበለት። አልጮኸብኝም። ከዚያ ወዲያ ምንም ብጠይቀው መልሱ «ቤሰደር»፣ እሺ፣ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ መቆሚያውን ብቻዬን ተያያዝኩት። የጥድ ሳንቃ ገዛሁና ጥቁር ቡናማውን የእንጨት ቀለም ደህና አድርጌ ደፋሁበት። ችኩል ነበርኩ፤ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ቫርኒሹን ደረብኩበት። በማግስቱ ሳየው እዚህ ጠቁሮ፣ እዚያ ነጥቶ፣ ላዩ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማድዶ ነበር። ስነካው ጣቴ ተጣበቀ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አባቴ ከሥራ ሲገባ አየኝ። ሳንቃውን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አዘነበለው።

«ሳይደርቅ ከደንሽበት» አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው።

«ከነገ ወዲያ ነው ኤግዚቢሽኑ፣ አባ። ተበላሸ።»

«እንጨት ነው። ይፋቃል። ያላ፣ ተነሺ።»

ብርጭቆ ወረቀት አመጣና ለሁለት ቀደደው። ከሳንቃው አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ያዝን። የእንጨቱ መስመር በሄደበት በኩል እንድፈትግ እጄን ይዞ አሳየኝ። መዳፉ ከወረቀቱ ይልቅ ይሻክር ነበር። ፀሐይዋ ወደ ማምሻው አዘንብላ አቧራው በመካከላችን እንደ ወርቅ ዱቄት ይንሳፈፍ ነበር፤ የሚሰማው የሁለታችን ሽክ ሽክታ ብቻ። ያን ድምፅ ዛሬም እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል እሰማዋለሁ።

«አባ» አልኩት ቀና ሳልል፣ «ለምን አልጮህክብኝም?»

እጁ ቆመ።

«በዚህ አገር የምሰማው ባንቺ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጆሮዬ ዋሸኝ። ሰው በጆሮው ላይ ይጮሃል?»

ወረቀቱን ይዤ መፈተጌን ቀጠልኩ፤ እንባዬ አቧራው ላይ ነጥብ ነጥብ ሠራ። እሱም በእርጥብ ጨርቅ ጠረገውና «ውኃ የነካው እንጨት ፀጉር ያወጣል፣ ይሻክራል» ብሎ እንደገና አለሰለሰው። ቀለሙን እንደገና በጨርቅ አሻሸንበት፤ የተረፈውን ጠረግን። ሌሊቱን አደረ። ቫርኒሹን በማግስቱ ስስ አድርገን፣ እያደረቅን፣ ሁለት ጊዜ ቀባነው።

ያቭነ አብሮኝ ሄደ፤ የሰንበት ሸሚዙን ለብሶ። ከዳኞቹ አንዱ ሽማግሌ አውሮፕላኖቹን አይቶ ሲያበቃ ሳንቃውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለኝ አባቴ።

«እንጨቱ በጣም አምሯል አለ። የመካከለኛዋ አውሮፕላን ጎማ ግን ተጣምሟል፣ ተቻኩለሻል አለ።»

አባቴ አየኝ፤ ከዚያም ሳቀ። ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ሽልማት አላገኘንም። ስንመለስ አውቶቡሱ በብርቱካን እርሻዎቹ መካከል ሲሄድ፣ ሲነጋጋ ጀምሮ ሥራ ላይ የነበረው አባቴ እንቅልፍ ጣለው። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። መስኮቱ ብርቱካንማ ሆነ፣ ከዚያ ሐምራዊ። የምንወርድበት ፌርማታ መጣ፣ አለፈ። አልቀሰቀስኩትም። ሦስት ፌርማታ አልፈን ወርደን፣ ሳንቃውን ተራ በተራ እየተሸከምን በእግራችን ተመለስን።

«አንቺ ልጅ፣ ነቅተሽ አልነበር እንዴ? ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» አለኝ።

ሳንቃውን ከእጁ ተቀብዬ ቀደም ቀደም አልኩ። ዛሬ ቢጠይቀኝ የምመልስለት ነበረኝ፤ ጭንቅላትህ ትከሻዬ ላይ ትንሽ እንዲቆይልኝ ብዬ ነው እለው ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።