ወደ ታች የወረደው መስመር

ያ ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። ጠዋት ወገዳ ገበያ ባቄላ አድርሼ ተመለስኩ። ከዋክብት የምታጠናው ታላቅ እህቴ ለእረፍት መጥታ ደጅ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ወረቀት ዘርግታ።

"እታለም፣ ምንድን ነው?" አልኳት።

ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው። ቀጥ ብሎ ይሄድና መሀል ላይ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል።

"የአንድ ጋላክሲ መሀል ነው" አለች። "ከመሀሉ ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድ ይወጣል። ከፊቱ ቀዝቃዛ ጋዝ አለ፤ ሞገዱ ሲያልፍ ጋዙ የራሱን ድርሻ ይውጣል። እዚህ ጋ የጎደለው እሱ የዋጠው ነው።"

"ታዲያ የምታጠኚው ጉድለት ነው?"

"ዝም በል፣ አንተ ፊዚክስ የወደቅህ!" ሳቀች። "ይቺ ባትኖር ጋዙ መኖሩን በምን አውቅ ነበር? ወደ መሀሉ ይውደቅ፣ ይሽሽ፣ የማየው በዚችው ነው። ስንት ዓመት የለፋሁባት ናት።"

ወረቀቱን ለእኔ ተወችው።

በማግስቱ ማለዳ ወደ መካነ ኢየሱስ በሚሄድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈረች። ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሲነጋ ለቅሶው ሜዳ ላይ ወጣ። በእኛ አገር የሟች ዕቃ በዘመድ እጅ ተይዞ ለቀስተኛው መሀል ይዞራል። ለገበሬ ጠመንጃው፣ ለሴት ቀሚሷ። እኔ ወረቀቱን አመጣሁ።

"ወረቀት?" አሉ አጎቴ። "ሰው ምን ይለናል?"

"ሥራዋ ነው። ቄስ ሲሞት መቋሚያው ይወጣ የለም?"

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ተቀብለውኝ እንጨት ላይ አሰሩት። ግን ገልብጠው። መስመሩ የሰመጠበት ተራራ ሆነ።

"እንዲህ ይሻላል" አሉ። "ለሞተ ሰው ቁልቁል የሚወርድ ነገር አይያዝም። የልጄ ስም ከፍ ይበል።"

ለእሷ ብለው ነው። አውቃለሁ። ግን እህቴ ተራራ አላጠናችም።

"አይሆንም" አልኩ።

"አንተ! ለቅሶ ላይ ትከራከረኛለህ?"

"እከራከርዎታለሁ። እንዲህ ከተያዘ የእሷ አይደለም።"

አልቃሿ ሙሾዋን አቋረጠች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ክሩን ፈታሁ፤ ወረቀቱን አቀናሁ፤ መልሼ አሰርኩ።

"ጋዙን ያገኘችው... በዚህች በወረደችው ነው" አልኩ ጮክ ብዬ።

እንጨቱን ከፍ አድርጌ ይዤ መዞር ጀመርኩ። አጎቴ ተቀመጥ ብለው ሁለት ጊዜ ጠሩኝ። አልተቀመጥኩም።