ደባላችን እማማ ዘርፌ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ በደርግ ዘመን፣ አሰላ ከተማ፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ነው። ያቺ ልጅ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ሆናለች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። እማማ ዘርፌን ግን መርሳት አልቻልኩም። ቤት አጥቶ የሚንከራተት ሰው ባየሁ ቁጥር ፊታቸው ድቅን ይልብኛል።

ባለቤቴ ግርማ አናጺ ነው። የአቦምሳ ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ የተወለድኩት በቆጂ ነው። ተጋብተን አሰላ ስንገባ የሚከራይ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ቤት ያለው ቀበሌ ነው። ቀበሌ ደግሞ ያለውን አከፋፍሎ ጨርሷል፤ አዲስ የሚሠራም የለም። ዘመድ ቤት በመጋረጃ ተከልለን ብዙ ጊዜ ከረምን። ግርማ ከሥራ ሲወጣ የቀበሌ ደጅ መጥናት ሁለተኛ ሥራው ሆኖ ነበር።

በመጨረሻ አንድ አስተማሪ ተዛውሮ ሲሄድ ቤቱ ለእኛ ደረሰን። አንድ ክፍልና ጓዳ ናት። የጭቃ ቤት ብትሆንም በጥድ እንጨት የቆመች፣ ወለሏ ጣውላ የሆነ፣ ለአሰላ ብርድ የምትመች ቤት ነበረች። የገባን ቀን ከደስታዬ ብዛት ንጹሑን ወለል ደጋግሜ አጠብኩት።

በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ ገበያው አጠገብ ያሉት ቤቶች ይነሳሉ ተባለ። ትልቅ አዳራሽና የእንግዶች ማረፊያ ሊሠራ ነው። ስብሰባ ተጠርቶ «ከተማችን ልታድግ ነው፤ ለተነሺዎች ምትክ ቤት ይሰጣል» ሲባል ተጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ «ምትኩ ቀድሞ ይሠራና ከዚያ ይፍረስ» አሉ። ሰው ዞር ብሎ አያቸውና ማጨብጨቡን ቀጠለ።

ቤቶቹ ፈረሱ። ምትክ የተባለው አልተሠራም። ሰዉ ከነልጁ ከነቆርቆሮው በዝናብ ተበተነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት አሮጊት ጋቢያቸው በካፊያ ርሶ፣ አንድ ጓዝ ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ደባል ትቀበያለሽ?» አሉኝ።

«ቤቷ እኮ ጠባብ ናት እማማ።»

«እኔም ትንሽ ነኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቤታቸው ገበያው ጋ ከፈረሱት አንዱ ነበር። ቆላ ባለችው ዴራ ከተማ የእህታቸው ልጅ አለች። ነገር ግን ከተማውን ለቀው ከሄዱ ምትክ ቤቱ እንዳያልፋቸው ፈርተዋል። ግርማን ሳልጠይቅ ይግቡ አልኳቸው። እሱም ከሥራ ሲመለስ እሳት ዳር ተቀምጠው አገኛቸውና «ቤት ማጣትን መቼ ረሳነው» ብሎ ጓዳው ውስጥ መደብ ሠራላቸው።

ክረምቱን አብረን ገፋነው። እኔ ከባድ ሥራ ስነካ ይቆጡኛል፤ የገብስ ገንፎ ሠርተው ካልበላሁ አይለቁኝም። ቀበሌ ለመጠየቅ በየሳምንቱ ይሄዳሉ። «ጠብቁ» ተብለው ይመለሳሉ። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተችብኝ ቤት ውስጥ የሚቆጣኝ ሰው ማግኘቴ ደስ ይለኝ ነበር።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ክረምቱን ዘመዶቻቸው እርሻ ላይ ቆይተው ተመለሱ። ሊጠይቁን ሲገቡ እማማ ዘርፌን ባዩ ጊዜ በቆሙበት ደርቀው ቀሩ።

«አደ ዘርፌ! በገዛ ቤትሽ ጓዳ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዝም በል፣ ገመቹ» አሉ እማማ።

ነገሩ ግን ወጥቷል። እኛ ያለንባትን ቤት ያሠሩት እሳቸውና ባለቤታቸው ነበሩ። ጥዱን ከጫካ በፈረስ አስጎትተው፣ ጭቃውን አብረው ረግጠው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ እሷን እያከራዩ ነበር የሚኖሩት። አዋጁ ሲወጣ ትርፍ ቤት ነው ተብላ ተወረሰች፤ ገበያው ጋ ያለው መኖሪያቸው ቀረላቸው። አሁን ደግሞ እሱም ፈረሰ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው እንባዬ እየመጣ።

«ብነግርሽ በቤትሽ ውስጥ ትሳቀቂ ነበር። የማላውቀውን በር ማንኳኳት አፍሬ ነው፣ ልጄ። ይሄን በር አውቀዋለሁ።»

እውነትም ከዚያ በኋላ ተሳቀቅሁ። አልጋችን ላይ ይተኙ፣ እኛ ጓዳ እንግባ ብላቸው እምቢ አሉ። «ደባል ነኝ፤ ደባል ጓዳ ነው የሚተኛው» ብለው አፌን ዘጉኝ።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። የቀድሞዋ ባለቤት ተመልሳ ቤቷን ያዘች ተብሎ ሦስታችንም ተጠራን። ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር።

ግርማ «ያስገባናቸው እኛ ነን» አለ።

«ጓድ ግርማ፣ ደግነታችሁን አልጠላሁም። ግን ዛሬ እሳቸው ከገቡ ነገ ቤት የተወረሰበት ሁሉ በደባል ስም ይገባል። ካልወጡ ቤቱን እናንተም ታስረክባላችሁ።»

እማማ ዘርፌ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ቤቴን መልሱልኝ አላልኩም። ጓዳው ውስጥ ልተኛ ነው ያልኩት። ምትኩን ስጡኝና ዛሬውኑ እወጣለሁ።»

«ምትኩ ገና ነው፣ እማማ።»

«ምትኩ ገና ከሆነ ማፍረሱ ለምን ቸኮለ?»

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ከደነ። እኔ ንዴቴን መቆጣጠር አቅቶኝ «እንግዲያው ሁላችንም እንወጣለን!» አልኩ። እማማ እጄን ያዙኝ። «ሆድሽን ይዘሽ የት ትወጫለሽ? እኔ ዴራ ሰው አለኝ» አሉኝ። ፍርዱን የሰጡት የቀበሌው ሰዎች ሳይሆኑ እሳቸው ይመስሉ ነበር።

በማግስቱ ኦቦ ገመቹ በጋሪያቸው ወደ መናኸሪያ ወሰዱን። እማማ አውቶቡሱ ላይ ሆነው በመስኮት አጎንብሰው «ቀበሌ ከጠሩኝ ላኪብኝ፤ እንዳልቀር» አሉኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ ወደ እኔ አልነበረም የሚያዩት፤ ወደ ከተማው ነበር።

እስክወልድ ድረስ በየሳምንቱ በእሳቸው ፈንታ ቀበሌ እየሄድኩ ጠየቅሁ። መልሱ ያው ነው፤ ጠብቁ።

ልጄ አንገቷን ስታጸና አዝዬያት ዴራ ወረድኩ። ልጄን ላሳያቸው በጣም ጓጉቼ ነበር። የእህታቸው ልጅ እታገኝ ሕፃኗን ከጀርባዬ ተቀብላኝ ስታለቅስ ገባኝ። የዴራ ቆላ ለደገኛ አይሆንም፤ ወባ ይዟቸው ብዙም አልቆዩም።

«ጓዛቸውን እንኳ ሳይፈቱት ነው የሞቱት» አለችኝ። «ይፍቱት ስላቸው ዛሬ ነገ ይጠሩኛል፣ ለምን ደግሜ ልቋጥር ይሉ ነበር።»

መቃብራቸው ላይ ሄጄ አለቀስኩ። ልጄም አብራኝ አለቀሰች፤ ርቧት ነበር።

የአዳራሹ ሥራ መሠረት ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ተከምሮ ቆመ። ሲሚንቶ ጠፋ ተባለ። እኔ ከአሰላ እስክወጣ ድረስ በክረምት ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ሆኖ ነበር። እማማ ዘርፌ ቤታቸውን የለቀቁት ለእሱ ነው።

እኛ በዚያች ቤት ልጆቻችንን አሳደግን። ክፉ ነገር አላየንባትም። ሆኖም «ቤቴ» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አሁንም በየከተማው ቤት ይፈርሳል፣ ፎቅ ይወጣል፤ ልጆቼ ራሳቸው የቤት ኪራይ እየናረባቸው ከሰፈር ሰፈር ይዞራሉ። ሰው ቆሞ የፎቁን ቁመት ያደንቃል። እኔ የምጠይቀው እዚያ የነበሩት ሰዎች የት ገቡ ብዬ ነው። አንዳንዱ ዘመድ ጋ ሄደዋል ይለኛል። ያን ጊዜ ልቤ ይደማል፤ ዘመድ ጋ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁና።