ለአስካለ ያልተረጎምኩላት ነገር

ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል። አትላንታ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መልኳን አይቼ የማላውቃት ሴት በሰማችው ነገር ያፈርኩበት ቀን ነው። ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ባለቤቴ አስካለ የጡት ካንሰር እንዳለባት ሲታወቅ በዲቪ ከመጣን ሦስት ዓመታችን ነበር። አትላንታ አጠገብ፣ ስኮትዴል የሚባል ሰፈር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖራለን። እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ እሠራለሁ። የእኔ እንግሊዝኛ ያግባባል፤ እሷ ግን ገና አልለመደችውም ነበር። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስንሄድ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ዶክተሩ በሽታው አጥንቷ ውስጥ እንደገባ፣ ከእንግዲህ ሕክምናው ሕመሙን ለማስታገስና ዕድሜዋን ለማራዘም እንጂ ለማዳን እንዳልሆነ ነገረን። አስካለ ወደ እኔ ዞራ "ምን አለ?" አለችኝ።

"መድኃኒቱን እንቀይረው ነው የሚለው። ይሻልሻል አለ።"

"ተመስገን" አለች።

ከዚያ በኋላ ዓይኗን ማየት ከበደኝ። ትርፍ ሺፍት መውሰድ ጀመርኩ። ጆሮዋ ይደርሳል ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ከሥራ ስመለስ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እዚያው አለቅስና ፊቴን ጠርጌ እገባለሁ። እሷም ሻወር ውስጥ መቆየት አብዝታ ነበር። ውኃው ሲፈስ እሰማለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። "ደህና ነሽ?" እላለሁ። "ደህና ነኝ" ትላለች። ስድስት ወር እንዲህ ሄደ።

ያን ቀን ለኪሞ ስንሄድ ነርሷ ወደ ሌላ ክፍል ላከችን። እዚያ የጠበቀችን ካንሰር የገባባቸውን ባልና ሚስቶች የምታነጋግር ካውንስለር ናት፤ ጠና ያለች ጥቁር አሜሪካዊት። ለመተርጎም ወንበሬን ሳስጠጋ "አንተም ዛሬ የእኔ ሰው ነህ፤ ሁለት ሥራ አላሠራህም" አለችኝና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ የሆስፒታሉ የስልክ አስተርጓሚ ጋ ደወለች።

አንዲት ሴት በአማርኛ "ጤና ይስጥልኝ። የምትሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉማለሁ" አለች።

ላብ አጠመቀኝ።

ካውንስለሯ አስካለን ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ተረጎመች፦ "ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ያውቃሉ?"

አስካለ እኔን አላየችኝም። ስልኩን እያየች ተናገረች።

"እንደማልድን አውቃለሁ እህቴ። ዶክተሩ የተናገረ ዕለት ነው ያወቅሁት። እንግሊዝኛ ባልሰማም የባሌን ፊት አውቀዋለሁ። ሊደብቀኝ ሲጨነቅ አሳዘነኝ። የማላውቅ ልሁንለት ብዬ ዝም አልኩ። ግን ብቻዬን ሆንኩ። ሞቱን እንኳ ይህን ያህል አልፈራሁትም።"

ሴትዮዋ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። "አውቃለሁ" "ዝም አልኩ" እያለች፣ የታመመችው እሷ ራሷ ትመስል ነበር። "ብቻዬን ሆንኩ" የሚለው ላይ ድምጿ ተቆረጠ። "ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ" አለች በአማርኛ። ስትንሰቀሰቅ ተሰማን። ከዚያ ጨረሰችው።

ካውንስለሯ ወደ እኔ ዞረች። ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። አስካለ እጄን ያዘችና "አንተም እንደኔ ነበርክ?" አለችኝ።

ሲያበቃ ሴትዮዋ ቶሎ አልዘጋችም። "ይህን ማለት አይፈቀድልኝም፤ እግዜር ይማርዎት እህቴ" ብላ ስልኩን ዘጋች። ስሟን አልጠየቅናትም።

መኪና ውስጥ እንደገባን አስካለ "በል አሁን ዶክተሩ ያለውን አንድም ሳታስቀር ንገረኝ" አለች። ነገርኳት። ከሆስፒታሉ ፓርኪንግ የወጣነው ሁሉም መኪና ሄዶ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ ካውንስለሯ ጋ ተመላለስን። እዚያ ተጣልተን እናውቃለን፤ ስቀንም እናውቃለን። የት እንደምትቀበር፣ ለእናቷ ማን እንደሚነግር፣ ሁሉን ተነጋገርን። አስካለ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖራ አረፈች።

ለእሷ አዝኜ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ያ ስድስት ወር ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ እያለን ተለያይተን ያባከንነው።

ባለፈው ዓመት እኔም አንዲት እባጭ ወጥታብኝ ተመረመርኩ። ዶክተሩ "ምንም አይደለም፣ ክፉ ነገር የለብህም" አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። የምደብቃትም የምነግራትም አልነበረችም።