የነባር ሰፈር እንሰቶች

እማዬ የምትኖርበት የቀበሌ ቤት በር ላይ ቀይ ምልክት ከተቀባ ወዲህ እቤታችን ሌላ ወሬ የለም። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ይፈርሳል። «ኮንዶሚኒየም ይሰጡሻል» ስንላት «አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቅላችሁኝ ልትረሱኝ ነዋ!» ትላለች። የምትፈልገው አንዲት ቤት፣ ከኋላዋም እንሰት የምትተክልበት ጓሮ ነው። ተወልዳ ያደገችው ጉራጌ አገር፣ ቸሃ ቢሆንም የአባቷ ጓሮ ለወንድሞቿ ልጆች ተከፋፍሎ አልቋል። እንዲህ ስንጨነቅ አንድ ደላላ ቡታጅራ ዳር፣ አዲሱ ሰፈር በሚባል ቦታ፣ አቶ ሽኩር የተባለ ነጋዴ ቤቱን ከነጓሮው እንደሚሸጥ ነገረን። «ነባር ይዞታ ነው፣ ማንም አይነካውም» ብሎ ማለልን።

ሲምል ነው የጠረጠርኩት። እኔ መርካቶ ጨርቅ የምሸጥ ሰው ነኝ። አንድ ሰው «ኦሪጅናል ነው» ካለኝ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው። ቀጠሯችን ረቡዕ ነበር፤ ተዘጋጅተው እንዳይጠብቁኝ ብዬ ለማንም ሳልናገር ማክሰኞ ለመሄድ ወሰንኩ። ስወጣ እማዬ እስከ በሩ ተከትላኝ መጣች።

«ቤቱን ተዪው፣ ጭቃ ነው» አለችኝ። «እንሰቱን አይተሽልኝ ነይ።»

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቡታጅራ

«ቡታጅራ! አንድ ሰው የቀረው! ቡታጅራ!» ረዳቱ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ስገባ የቅጥቅጡ ግማሽ ወንበር ባዶ ነው። እስኪሞላ ፀሐይ ወጣ። ሒሳብ ሲሰበስብ ደግሞ ከታሪፉ በላይ አምስት ብር ለዕቃ ጨምሪ አለኝ።

«ዕቃዬ የቱ ነው?»

«ቦርሳሽ።»

«ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው! ጭኔንም ልታስከፍለኝ ነው እንዴ?»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሱም ሳቀና ተወኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ለምን ጉዳይ እንደምሄድ ጠየቁኝ። ቤት ልገዛ ነው ብል ወሬው ከኔ ቀድሞ ይደርሳል ብዬ ፈራሁና «ለለቅሶ» አልኳቸው። ወይ ጣጣ! «ማን ሞተ?» አሉ። አክስቴን ገደልኩ። «አላህ ይርሐማት። ታማ ነው ወይስ ድንገት?» ድንገት አልኩ። ልጆች እንዳሏት፣ ማን እንደሚያሳድጋቸው እስክዋሽ ድረስ አለም ገናን አልፈን፣ መልካ ቁንጥሬ ላይ የደፈረሰውን አዋሽ ተሻገርን። ጢያ ስንደርስ ሰውዬው ከልባቸው አዝነው ነበር። ቡኢ ሲወርዱ ከፌስታላቸው ሎሚ አውጥተው «ለሐዘንተኞቹ ሻይ» ብለው ሰጡኝ። ሎሚውን ይዤ አፈርኩ።

ከቡኢ ወዲያ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ይታያል። በስተቀኝ የዘቢዳር ተራራ ደመና ለብሶ ቆሟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዱን እንሰት እንደ መርማሪ ነበር የማየው።

ቡታጅራ ወርጄ አንድ ጺማም የባጃጅ ሹፌር አናገርኩ። አዲሱ ሰፈር አሥር ብር አለኝ። አምስት አልኩት። «ኮሮኮንች ነው እህቴ፣ ባጃጇ ታዝንብሻለች» አለ፤ በሰባት ተስማማን። ከአስፋልቱ ስንወጣ ዞሮ አየኝና፣

«እዚያ ስትደርሺ ግን አዲሱ ሰፈር እንዳትዪያቸው» አለኝ።

«ታዲያ ማን ልበለው?»

«ነባር ሰፈር።»

«ከተሠራ ስንት ጊዜው ነው?»

«ነባር ሰፈር?» ብሎ ሳቀ። ሌላ ነገር አልጨመረልኝም። ጆሮዬ ቆመ።

ነባር ሰፈር

ሰፈሯ አንዲት ቀይ አፈር መንገድ ናት። መግቢያዋ ላይ ወፍጮ ቤት፣ ትንሽ አለፍ ሲል አረንጓዴ የተቀባ የቆርቆሮ መስጊድ፣ መሐል ላይ ቦኖ ውሃ። ክርስቲያኖቹ ለቤተ ክርስቲያን ወደ ከተማው ይሄዳሉ። ከቦኖው አጠገብ የእድሩ ዕቃ ቤት አለ፤ በሩ ክፍት ስለነበር አጮልቄ አየሁ። የተጠቀለለ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥጉ ላይ ሁለት ትልልቅ ድስቶች። አንዱ እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሮበታል፣ ያኛው የለበትም። የሙስሊሙ ሥጋና የክርስቲያኑ ሥጋ እንዳይቀላቀል መሆኑ ገባኝ። ሰፈሯ ጽዱ ናት፤ ደጃፉ ሁሉ ተጠርጓል። እኔ ግን የማየው ግድግዳውን ነው። ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ ገና ቢጫ ነው።

ቦኖው ጋ የተሰለፉት ሴቶች ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ።

«እንደምን ዋላችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ። ማንን ፈልገው ነው?» አለች አንዷ።

አንቱ ስትለኝ መንቃት ነበረብኝ። «ማንንም። ሰፈሩን ልይ ብዬ ነው» አልኩ። ይባስ ብዬም «ስንት አባወራ ትሆናላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

እርስ በርስ ተያዩ። «እኛ እዚህ ነባር ነን» አለች ሴትዮዋ። «እንሰቱን ይመልከቱ። አባቶቻችን ናቸው የተከሉት።»

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ዱቄት የለበሰውን ሰውዬ አናገርኩ። ሳልጠይቀው፣ «እንሰቱን ይመልከቱ። አባቶቻችን ናቸው የተከሉት» አለኝ። ከዚያ ሱቅ ገብቼ ለስላሳ አዘዝኩ። ባለሱቁ ቀጠን ያለ፣ ፈገግታው ቶሎ የሚመጣ፣ ቶሎም የሚጠፋ ሰው ነው። ጠርሙሱን ከፍቶ ሰጠኝና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንሰቱን ቢመለከቱ…» ብሎ ሲጀምር «አባቶቻችሁ ናቸው የተከሉት» ብዬ ጨረስኩለት። ፈገግታው ጠፋ።

በሦስት ሰው አፍ አንድ ዓረፍተ ነገር! ተማክረው ካልሆነ ከየት ይመጣል?

«እስቲ ያሳዩኝ» አልኩት።

ጓሮው ወሰደኝ። እውነት ለመናገር እንሰቶቹ ትልልቅ ነበሩ፤ ግንዳቸው በሁለት እጄ አይታቀፍም። ግን ኮባቸው ሁሉ ተመልምሎ መሐላቸው ብቻ ቀርቷል።

«ቅጠሉ ምን ሆነ?»

«ለዳቦ ቆረጥነው።»

«ጎረቤትዎም ቆርጧል። ወዲያ ማዶም ተቆርጧል። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ቀን ዳቦ ጋገረ?»

ጠጋ ብዬ አንዱን እንሰት በመዳፌ ገፋሁት። ተነቃነቀ። ሥሩ ያለው አፈር ለስላሳ ነው፤ ጫማዬ ገባ። ሁለተኛውንም ገፋሁት፣ እሱም ተነቃነቀ። የቸሃ ሴት ልጅ ነኝ፤ አባት የተከለው እንሰት በሴት መዳፍ አይነቃነቅም። ነቅለው አምጥተው የተከሉት ነው። ወይ ደላላ! እናቴን ሊያስገባት የነበረው እዚህ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

«ስምዎ ማን ነው?» አልኩት።

«ሽኩር እባላለሁ» አለ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ሊሸጥልን የነበረው ሰው ይኸው ነው! የመጣሁበትን ልናገር አፌ ድረስ መጣና ዋጥኩት። እስከየት እንደሚዋሽ ልይ ብዬ ነው።

አቶ ሽኩር ግን ምሳ ካልበሉ አይሄዱም ብሎ ያዘኝ። ጉቦ ሊያጎርሰኝ ነው ብዬ ገባሁ። ሚስቱ የሥጋ ወጥ ይዛ መጣች፤ ሽታው ያስጎመጃል። እጄን ልታጠብ ጎንበስ ስል ማተቤ ከአንገቴ ወጣ። ሽኩር አየውና ከመቀመጫው ተነሣ።

«ቆይ! አንሺው» አለ ሚስቱን። «የኛ እርድ ነው። ሴትዮዋ ክርስቲያን ናቸው።» ወደ እኔ ዞሮም «ይቅርታ፣ ሳላይ ቀርቼ ነው። እትዬ ዘነበች ዘንድ ይበላሉ» አለኝ።

ዝም ብሎኝ ቢሆን በልቼ እሄድ ነበር፤ ማንም አያውቅም። ሰውዬው እንሰት ነቅሎ አምጥቶ የአባቴ ነው ይላል፣ በሥጋ ግን አይዋሽም። ይሄ ነገር ግራ አጋባኝ፤ ንዴቴም ቀነሰ።

እትዬ ዘነበች ቤት

እትዬ ዘነበች የሽኩር የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ጠይም፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ባልቴት። ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልኝ። ስበላ እጄን እያዩ ቆዩ።

«ቆጮ አቆራረስዎ የከተማ አይደለም» አሉ። «የማን ልጅ ነዎት?»

የእማዬን አባት ስም፣ የመንደሯንም ስም ነገርኳቸው።

«ቸሃ! ታዲያ ከማዘጋጃ ቤት አይደለሽማ?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ! ለእናቴ ቤት ልገዛ ነው የመጣሁት። ከሽኩር።»

እትዬ ዘነበች ጭናቸውን መትተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀባቸውና ነገሩን ነገሩኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ነባሩን ሊመዘግብ፣ አዲሱን ሊያፈርስ ነው ተብሏል። ይህ ሰፈር በሕገወጥ ከሚባሉት ነው። ሽኩርም፣ እሳቸውም፣ ሁሉም ከገጠር ወጥተው መሬቱን ከገበሬ ገዝተው ነው የሠሩት።

«ማስረጃ አምጡ ቢሉን ምን አለን? በኛ አገር የቤት ዕድሜ የሚታወቀው በእንሰቱ ነው። ዘቢዳር ሥር ካሉት ዘመዶቻችን ጓሮ ትልልቁን ነቅለን፣ ቅጠሉን መልምለን በአይሱዙ አመጣን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ቆፈረ።»

«እንሰት የሚያውቅ ሰው ቢመጣስ?»

«እሱን እኮ ነው የፈራነው! አንቺ ስትነቀንቂው ሴቶቹ ቦኖው ጋ አልቅሰዋል።»

የያዝኩትን ቆጮ አስቀመጥኩ። እኔ አጭበርባሪ ስፈልግ ለነሱ አፍራሽ ሆኜ ኖሯል።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ለሽኩር ማንነቴን ነገርኩት።

«ደላላው፣ ገዢው ለትርፍ የሚገዛ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው ብሎኝ ነበር» አለ። «ለእናትሽ ከሆነ አልሸጥም።»

«ለምን?»

«ነጋዴ ቢፈርስበት ከስሮ ሌላ ይሠራል። እናትሽ ግን አንዱ ፈርሶባት መጥታ፣ ሁለተኛውም ሲፈርስባት… በኔ እጅ አይሆንም እህቴ። ወላሂ አልሸጥላትም።»

ምን ልበለው? አመስግኜው ወጣሁ። ነገረኛ ነኝና ባጃጅ ውስጥ ደግሞ፣ ዋጋ ሊያስጨምረኝ ይሆን እንዴ እያልኩ ጠረጠርኩ። ከኋላዬ ይጠራኝ ይሆናል ብዬ ሁለቴ ዞር አልኩ። አልጠራኝም። ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ወደ ጓሮው ነበር የሚያየው።

ቤት

ሲመሻሽ ገባሁ። እማዬ ቀዩ ምልክት ባለበት በር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ሎሚውን ሰጠኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ደላላውን፣ ነባር ሰፈርን፣ ሥጋውን፣ የሽኩርን መሐላ። ሎሚውን በእጇ እያገላበጠች ሰማችኝ።

«እንሰቱስ?» አለች።

«አልኩሽ እኮ እማዬ፣ ይነቃነቃል። ነቅለው የተከሉት ነው።»

«እንሰት መቼስ ተነቅሎ ነው የሚተከለው፤ እኛ ስንቴ ነው ቦታ የምናዘዋውረው! መሐሉን አይተሽዋል? አዲስ ቅጠል አውጥቷል?»

አሰብኩ። ከተመለመለው መሐል እንደ ጣት የቀጠነ፣ የተጠቀለለ ለጋ ቅጠል ብቅ ብሎ ነበር። ልብ አላልኩትም ነበር።

«አውጥቷል።»

«ሥር ይዟል በያ!» አለች እማዬ፤ ፊቷ በራ። «በይ ለዚያ ሰውዬ ደውዪልኝ።»

ደላላው በሰጠን ቁጥር ደወልኩላት። ስልኩን እንደ ድሮዋ በሁለት እጇ ይዛ ጮክ ብላ ነበር የምታወራው። «ካልሸጥክልኝ አንድ ክፍል አከራየኝ» አለችው። «እዚህም ያፈርሱብኛል፣ እዚያም ቢያፈርሱብኝ ከናንተ ጋር ነው።» ወዲያ ማዶ ሽኩር ብዙ ተከራከራት፤ እሷ ግን የቸሃ ሴት ናት። በመጨረሻ የጓሮውን በር ቁልፍ እትዬ ዘነበች ዘንድ አስቀምጬ እጠብቅዎታለሁ ሲላት ሰማሁት።

እኔ ከዚህ ጉዞ ምን ተማርኩ ብትሉኝ፣ መጠርጠሬን አልተውኩም፤ ዛሬም ጠርዝ ሳላይ ጨርቅ አልገዛም። ማዘጋጃ ቤቱም ገና አልመጣም፤ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ሳስብ እፈራለሁ። ግን ያን ምሽት እማዬ ስልኩን ልትዘጋ ስትል የሆነ ነገር ትዝ አላትና መልሳ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

«ሽኩር፣ ስማኝ! የኔ ልጅ እንሰቱን ነቅንቃዋለች። አታውቅምና ይቅር በሏት። ሥሩን አፈር አልብሱልኝ፤ እስኪይዝ ማንም እንዳይነካው።»