አዲስ ጎማ የሚገባው ፊት ነው

እኔ ሰው አላምንም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት የጅቡቲን መንገድ በተሳቢ የተመላለሰ ሾፌር ሰው ካመነ ወይ ናፍጣው ይጎድላል፣ ወይ ጭነቱ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ጠባዬ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። በየቀኑ አንዱ ይደውልና የመኪናህ ዋስትና ሊያልቅ ነው ይለኛል። "ሞኝህን ፈልግ!" ብዬ እዘጋበታለሁ፤ በአማርኛ መሆኑ ግድ አይሰጠኝም።

የጎማው ጉዳይ የመጣው በባለቤቴ ምክንያት ነው። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን መታጠብ አለበት። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምትታጠበው ግን የወንዙን ድልድይ ተሻግራ አሌክሳንድሪያ ነው። ድሮ እዚያ ነበር የምንኖረው። ስንለቅ "እዚህ ቅርብ እናዛውርሽ" ብላት፣ "እዚያ ያለችው ነርስ መርፌውን በአንዴ ነው የምታገኘው፤ ክንዴን ሌላ ሰው አይነካውም" አለች።

ባለፈው ዊንተር በረዶ ጣለና መኪናችን ከአፓርታማችን ፓርኪንግ ዳገቱን መውጣት አቃታት። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ እኔ እሳደባለሁ፣ እሷ ቦርሳዋን ታቅፋ ትጠብቃለች። አንድ እጥበት ቀረባት። በማግስቱ ሳንባዋ ውሃ ሞላ። መተንፈስ አቅቷት ዓይኗ ሲፈጥ በአምቡላንስ ወሰዷት። ዶክተሩ "ሁለተኛ እንዳይደገም" አለ፤ ሲናገር የሚያየው ግን እኔን ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ብርዱ ሳይገባ ስኖው ታየር፣ የበረዶ ጎማ፣ ልገዛ ተነሳሁ። መጀመሪያ ላንግሊ ፓርክ ያገለገለ ጎማ የሚሸጥ ሰው ጋ ሄድኩ። ጎማዎቹ ሁሉ ያብረቀርቃሉ። በጣቴ ብነካው ጣቴ ጠቆረ፤ ለካ ቀለም ቀብቷቸዋል። ጎማ የሚኳኩል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ባለቤቴን ማሽኑ ላይ አስቀምጬ፣ እጥበቱ የሚፈጀውን አራት ሰዓት የት ላሳልፍ ስል፣ እዚያው አሌክሳንድሪያ አንድ ጎማ ቤት ገባሁ። ባለሱቋ የኛ ሰው ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቱታ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ጎማ ታንከባልላለች። የኛ ሰው መሆኗ ደስ አላለኝም። የኛ ሰው ሲያታልልህ ጋሼ እያለ ነው።

"ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?" አለችኝ።

ይኸው! አልኩ በሆዴ።

ስኖው ታየሩን አመጣችልኝ። በአውራ ጣቴ ብጫነው ለስለስ አለ። በኛ ጊዜ ጥሩ ጎማ ድንጋይ ነው። "ምነው ይሄ ሊጥ ሆነ?" አልኳት።

"ለብርዱ ነው ጋሼ። አሁን ያለው ጎማዎ ሲበርደው ይደርቅና ይንሸራተታል። ይሄ በብርድም አይደርቅም።"

ጥሩ መልስ ነበር። ጥሩ መልስ እንዲህ ቶሎ የሚመጣለትን ሰው ደግሞ አልወድም። ጎኑ ላይ ያለውን የተራራና የበረዶ ምልክት አሳየችኝ፤ ለበረዶ ተፈትኖ ያለፈ ማለት ነው አለች። ተራራ መሳል ማን ያቅተዋል? የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩትን አራት ቁጥሮች በስልኬ መብራት ፈልጌ አነበብኩ። የዘንድሮ ነው። እሱም ቢሆን አላረካኝም።

"አራቱንም ይቀይሩ" አለች።

"ሁለት ይበቃኛል። መኪናዋን የሚጎትታት የፊቱ ነው።"

እጇን በጨርቅ ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ። "ሁለት ብቻ ባልመክርዎትም፣ ሁለት ካሉ የሚገባው ኋላ ነው። ፊት አልገጥምልዎትም።"

ለቀባሪው አረዱት! እኔን! የፊት ጎማዬ ቁልቁለት ላይ ፈንድቶ መሪው እጄን ሊገነጥለው የደረሰውን ሰውዬ! በኛ ሥራ አዲስ ጎማ የሚገባው ፊት ነው፤ ይህን ረዳት እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል። ፊትህ ነፍስህ ነው፤ ኋላው ቢፈነዳ ወርደህ ትቀይረዋለህ።

"ፊቱ ይዞ ኋላው ካልያዘ መኪናዋ ትዞራለች ጋሼ" አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር።

ገባኝ። ኋላ ስትገጥምልኝ ፊቱ ያረጀ ሆኖ ይቀራል፤ ዳገቱ እምቢ ይለኛል፤ ሁለት ልጨምር ተመልሼ እመጣለሁ። ሒሳቧ ይሄ ነው። "እሺ፣ ኋላ ግጠሚው" አልኩ፣ የተሸነፈ ሰው መስዬ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለባለቤቴ ነገርኳት። "ሥራዋ አይደል? ምናልባት ልጅቷ የምታውቀው ይኖር ይሆናል" አለች።

"አንቺንስ ስንት ከፈለችሽ?" አልኳት።

ቀልድ አልነበረም። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ፓርኪንጉ ውስጥ ክሪኬን አወጣሁ። በትርፍ ጎማው፣ በስኮርታው፣ እየተካሁ ሁለቱን አዲሶቹን ፊት አመጣኋቸው፣ አሮጌዎቹን ኋላ ላክኋቸው። ጀርባዬ ተቆረጠ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ቀና ስል ባለቤቴ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ታየኛለች። እጄን አወዛወዝኩላት። እሷም አወዛወዘችልኝ።

በረዶው የመጣው በሳምንቱ፣ በእጥበቷ ቀን ነው። ቴሌቪዥኑ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ሲጮህ ነበር፤ እኔ ግን አላመንኩትም፤ ስንት ጊዜ ሰውን ዳቦና ወተት አስጨርሶ ፀሐይ አውጥቷል! ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ግን መኪናዎቹ ሁሉ ነጭ ጉብታ ሆነዋል። ከእጥበት ማዕከሉ ኮል አድርገው "ከቻላችሁ ቀደም ብላችሁ ድረሱ" አሉን።

ያ ዳገት! እንደ ፍየል ወጣሁት። "አየሽ?" አልኳት። "አየሁ" አለች። ሃይዌዩን በቀስታ ያዝኩ። ድልድይ ከመንገዱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል የሚለውን ምልክት አልፌ፣ ወንዙንም ተሻገርኩ። ምንም የለም። ለዚያች ባለ ቱታ የምነግራትን በአፌ ማመላለስ ጀመርኩ።

ከሃይዌዩ ወደ አሌክሳንድሪያ መውጫው ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁና መሪውን አዞርኩ። ፊቱ እንደታዘዘ ዞረ። ኋላው ግን አልሰማም፤ ቀጥታ ጉዞውን ቀጠለ። በመስኮቴ የመንገዱ ዳር የብረት ከለላ አለፈ፣ ቀጥሎ የመጣንበት መንገድ፣ ቀጥሎ ሰማይ ይሁን በረዶ የማላውቀው ነጭ ነገር። መሪውን መለስኩ፣ አልሠራም። ፍሬን አልያዝኩም፤ እሱን ብቻ አውቄያለሁ። መኪናዋ ፊቷን ወደመጣንበት አድርጋ ቆመች፤ ከፊታችን በረዶ ለማቅለጥ ጨው የሚረጨው ትልቅ መኪና ቢጫ መብራቱን እያሽከረከረ ይመጣል።

የጨው መኪናው ሾፌር ከሩቁ አይቶን ኖሮ ቀስ እያለ ቆመ። ሌላውን መኪና ሁሉ አግዶ እስክዞር ጠበቀኝ። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ሁለት እጇን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግታለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"ስንት ሰዓት ሆነ? ማሽኑን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ" አለች።

አልሰጡባትም። ነርሷ መርፌውን እንደ ልማዷ በአንዴ አገኘችው። መኪናዋን እንደ ኤሊ እየነዳሁ ጎማ ቤቱ ሄድኩ።

ሴትዮዋ ወጥታ መጀመሪያ የፊቱን አየች፣ ቀጥላ የኋላውን። ነግሬዎት ነበር አላለችም። ዝምታዋንም ጠረጠርኩት፤ ምን ላድርግ፣ ጠባይ ነው።

"ሁለት ጨምሪልኝ፤ አራቱም አንድ ይሁኑ" አልኳት።

መኪናዋን አንስታ ብሎኖቹን እየፈታች፣ ሳታየኝ፣ "ባለቤትዎ ደህና ናቸው?" አለች።

"ባለቤቴን የት ታውቂያታለሽ?"

"ቅዳሜ ደውለውልኝ ነበር፤ ስልኩን ደረሰኙ ላይ አግኝተውት። 'አዲሶቹን ጎማዎች ወደ ፊት እያዞራቸው ነው፤ ምን ያመጣል?' ብለው ጠየቁኝ። በረዶ ላይ አደጋ አለው፣ ይንገሯቸው አልኳቸው። እሺ ብለው ዘጉ።"

ቅዳሜ ማለት እኔ እጄን ሳወዛውዝላት ነው።

ወደ ማዕከሉ ስመለስ ገና አንድ ሰዓት ይቀራታል። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች፤ ደሟ በቀጭኑ ቱቦ ይወጣል፣ ይገባል። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ገለጠች።

"አራቱንም አስቀየርኩ" አልኳት።

"ደግ አደረግህ።"

"ደውለሽላት ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ እያወቅሽ ነው መኪናው ውስጥ የገባሽው? ምነው አንድ ቃል ብትነግሪኝ! ልትሞቺ ነበር እኮ!"

ጮክ ብዬ ኖሮ አጠገቧ ያሉት ሕመምተኞች ዞረው አዩኝ። እሷ አልተቆጣችም።

"ብነግርህ ስንት ከፈለችሽ ትለኝ የለ?" አለች። "ያንን ደግሜ ከምሰማ በረዶው ይሻለኛል አልኩ።"

ነርሷ ማሽኑን ልታይ መጣች። ቦታ ልለቅላት ተነሳሁ፤ የት እንደምቆም ግን ጠፋኝ።