ለመያዣ የተተወ መታወቂያ

ሽማግሌው ከመኪና ሥር ሲገቡ እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው። መርሳ ከተማ ውስጥ መኪናውን ራሱ ለሚጠግን ሰው ቦታና መፍቻ የሚያከራየው ገዛኸኝ እንዲህ ያለ ደንበኛ አይቶ አያውቅም። ሌላው ሰው ልኩን እስኪያገኝ አምስት መፍቻ ይሞክራል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከአሮጌ ኮሮላቸው ሳይነቅሉ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ይሰዳሉ፤ የሚያወጡት ልኩን ነው። ከዚያ እጀታው ላይ የተቀረጸችውን «ሸ» በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ያደርጓታል።

ሣጥኑን ገዛኸኝ በጦርነቱ ማግስት ሐራ ገበያ ላይ ከነመፍቻው ገዝቶታል። የማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ዛሬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ፣ ለመያዣ የሰጡትን መታወቂያ አነበበው። ስማቸው በዚያችው ፊደል ይጀምራል። አድራሻ፣ ወልድያ። ሥራ፣ መካኒክ።

ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ እንኳ መያዣው ይቅር» አለ።

«ለምን ይቀራል ልጄ? በሰው ዕቃ ቀልድ የለም።»

ሲጨርሱ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ወልውለው በየቦታቸው መለሱና ሣጥኑን ቀስ አድርገው ዘጉት።

«በደንብ ይዘሃቸዋል» አሉት። «እግዜር ይስጥህ።»

ገዛኸኝ መታወቂያውን የመለሰላቸው መሬት መሬቱን እያየ ነው።